በሩን ማን ዘጋው?

ከቤታቸው የማይወጡ ሰዎች በየአገሩ ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1861 በፈጸመው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ሚስ ሃቪሻም የምትባል ሴት አለች። በሠርጓ ዕለት እጮኛዋ ስለ ከዳት፣ የቤቱን ሰዓቶች ሁሉ አቁማ፣ የሙሽራ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ የፀሐይ ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውስጥ አረጀች። ሩሲያዊው ኢቫን ጎንቻሮቭ በ1859 ያሳተመው የኦብሎሞቭ ታሪክ ደግሞ ከአልጋው ለመነሣት ብዙ ምዕራፍ የሚፈጅበትን ሰው ያሳየናል። የሴቲቱ ምክንያት ኀዘን፣ የሰውዬው ምክንያት ስንፍና መሆኑ ከራሳቸው ንግግር ስለሚታወቅ አንባቢው ብዙ አይቸገርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ምክንያቱን ለማንም ያልተናገረውን ሰው ነው። ስሙ አርተር ራድሊ ሲሆን የሰፈሩ ልጆች «ቡ» ይሉታል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ወይዘሪት ሃርፐር ሊ በ1960 ባወጡት «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል፤ በ1962ም ፊልም ተሠርቶበታል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1930ዎቹ ዓመታት፣ ደራሲዋ በፈጠሯትና በአላባማ ግዛት ባስቀመጧት ሜይኮም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ተራኪዋ ስካውት የምትባል ልጅ ናት፤ ወንድሟ ጄም ይባላል፤ በየበጋው የሚመጣው ጓደኛቸው ደግሞ ዲል ነው። አባታቸው አቲከስ ፊንች ጠበቃ ነው። ከቤታቸው ጥቂት ራቅ ብሎ መስኮቶቹ የተዘጉ አንድ ቤት አለ፤ ቡ ራድሊ የሚኖረው በዚያ ነው።

እኔ ይህን መጽሐፍ በመጀመሪያ ያነበብሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። መምህራችን መጽሐፉን ካስጨረሱን በኋላ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጻፉ፤ ይኸውም «ቡ ራድሊ ከቤቱ የማይወጣው ስለ ምንድር ነው?» የምትል ነበረች። ክፍሉ በሦስት ተከፈለ። አንዳንዶቹ አባቱ ስላሰረው ነው አሉ። ሌሎቹ ሰው ስለሚፈራ ነው አሉ። የቀሩት ደግሞ እርሱ ራሱ ስለ ወደደ ነው አሉ። መምህራችን ከሦስቱ አንዱንም ሳያርሙ ደወል ተደወለና ወጣን። በመንግሥት ሥራ ላይ ከዋልሁ በኋላ መጽሐፉን ደግሜ ሳነበው፣ ሦስቱም መልሶች እውነት እንዳለባቸውና አንዱ የሌላውን ቦታ እየወሰደ በየጊዜው የመጣ መሆኑን ተረዳሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት እስራት ነው። አርተር ገና ጐረምሳ ሳለ ከመጥፎ ጓደኞች ጋር ገጠመ። የሠሩት ወንጀል ከባድ አልነበረም፤ አንድ ቀን ማታ በተዋሱት አሮጌ መኪና በአደባባዩ ዙሪያ ወደ ኋላ እየነዱ ሄዱ፤ ሊይዛቸው የመጣውንም ሽማግሌ ዘበኛ በፍርድ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቈለፉበት። ዳኛው ልጆቹ ሙያ ወደሚማሩበት የመንግሥት ጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲላኩ ፈረደ። የአርተር አባት ግን ይህን እንደ ውርደት ቈጥሮ፣ ልጁን ቢለቁለት ዳግመኛ እንደማያስቸግር ቃል ገብቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል አርተርን በውጭ ያየው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ወደ ማረሚያው የተላኩት ሌሎቹ ልጆች በግዛቱ ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ጥሩ ትምህርት ተማሩ፤ እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ በኋላ በምሕንድስና ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። የዳኛው ቅጣት መጨረሻ ነበረው፤ የአባት ቅጣት ግን መጨረሻ አልነበረውም። የዳኛው ፍርድ በመዝገብ ላይ ስለ ተጻፈ ይግባኝ ሊባልበት ይችል ነበር፤ በአባት ቤት ውስጥ የተፈረደው ፍርድ ግን መዝገብም፣ ምስክርም፣ ይግባኝም የለውም። በእኛ አገር ታሪክ «የቁም እስር» የምንለው ቅጣት አለ፤ ሰውየው በሰንሰለት ሳይታሰር፣ በወኅኒ ቤትም ሳይገባ፣ ከተወሰነለት ስፍራ ግን እንዳይወጣ የሚደረግበት ነው። የአርተር እስራት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው የቁም እስረኛ ዘበኛው ማን እንደ ሆነ ሲያውቅ፣ የአርተር ዘበኛ ግን በማዕድ አብሮት የሚቀመጠው አባቱ መሆኑ ነው።

ሽማግሌው ራድሊ ይህን ሁሉ ያደረገው በጽድቅ ስም ነው። ደስታ ሁሉ ኀጢአት የሚመስለው ሰው እንደ ነበረ ጐረቤቲቱ ሚስ ሞዲ ለስካውት ነግራታለች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆነ ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቍጥር የጠፋው ልጅ ምሳሌ ትዝ ይለኛል። በወንጌል ያለው አባት ልጁን ሊቀበል ከቤቱ ወጥቶ ሮጠ፤ የሜይኮሙ አባት ግን ልጁን ተቀብሎ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም የአርተር ብቻ አልነበረም፤ ከተማውም እርሱን ይፈራ ነበር። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም እንደሚባለው፣ የሜይኮም ወሬ ክብደት አልነበረውም፤ ቢሆንም የአንድን ሰው በር ለመዝጋት በቃ። በሌሊት እየወጣ በመስኮት ያያል ተባለ። በብርድ የደረቀ አበባ ቢገኝ እርሱ ተንፍሶበት ነው ተባለ። ጄም ለዲል ሲገልጥለት ሽኮኮና ድመት በጥሬው የሚበላ፣ እጁ በደም የቀላ ግዙፍ ሰው አድርጎ ሣለው። ከራድሊ ግቢ ዛፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚወድቀውን ፍሬ ልጆች አይነኩትም፤ ይገድለናል ብለው ያምናሉና። በ33 ዓመቱ አባቱን በመቀስ እግሩ ላይ ወጋው የሚባለውም ታሪክ የመጣው ሚስ ስቴፋኒ ክሮፎርድ ከምትባል፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከምትሰበስብ ሴት ነው። ሚስ ሞዲ ግን አርተርን የምታስታውሰው ልጅ ሳለ በትሕትና ሲያናግራት ነው። ስለ አንድ ሰው ከነበረው ወሬ ሁሉ መካከል ይህ አንዱ ብቻ ሰው ያስመስለዋል።

አባቱ ከሞተ በኋላ ሌላው ወንድሙ ናታን መጥቶ ቤቱን ተረከበ። በዚያን ጊዜ በሩ ሊከፈት ይችል ነበር፤ ነገር ግን አልተከፈተም። አርተር ግን ሌላ በር አገኘ። በግቢው ዳር በቆመው የባሉጥ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ለሁለቱ ልጆች ስጦታ ያስቀምጥላቸው ጀመር፤ ማስቲካ፣ ያረጁ ሳንቲሞች፣ የጥቅል ሲባጎ፣ ከሳሙና ተቀርጸው እነርሱን የሚመስሉ ሁለት አሻንጉሊቶች፣ አሮጌ ሜዳልያና የማይሠራ የኪስ ሰዓት። ልጆቹ ሰጪው ማን እንደ ሆነ ባያውቁም የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ሊያስቀምጡ ሲሄዱ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኖ አገኙት። ናታን ዛፉ ስለ ታመመ ነው አለ፤ አቲከስ ግን ዛፉ ጤነኛ መሆኑን ለልጁ ነገረው። ጄም በዚያ ምሽት በረንዳ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እንግዲህ አባት በሩን ሲዘጋ፣ ወንድም ደግሞ የቀረችውን አንዲት ቀዳዳ ደፈናት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ለምን አይወጣም?» ብሎ አርተርን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ ነው። አማርኛ በምትማሩት በእናንተ ላይ እንደሚደርሰው ሁሉ በእኔም ላይ አንዳንድ ቃል ሁለት መልክ ይዞ ይመጣብኛል። በትግርኛ መኖሪያ ቤት «ገዛ» ይባላል፤ በአማርኛ ግን «ገዛ» ማለት በገንዘቡ የራሱ አደረገ፣ ወይም በሥልጣኑ ሥር አዋለ ማለት ነው። የቃላቱን ሥር ለሊቃውንት እተዋለሁ። የራድሊን ቤት ሳስብ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆኑብኛል፤ ሰው ቤትን ሊገዛ ሲገባው ቤት ሰውን ገዛው።

ወደ ሦስተኛው ምክንያት እንሂድ፤ እርሱም ምርጫ ነው። ዲል አንድ ሌሊት በአልጋ ላይ ሆነው ሲጫወቱ፣ ቡ ያልጠፋው ምናልባት የሚሄድበት ስለሌለው ይሆናል ሲል ገመተ። ጄም ግን የተለየ ሐሳብ ላይ የደረሰው የቶም ሮቢንሰንን የፍርድ ነገር ካየ በኋላ ነው። ቶም ሮቢንሰን ያላደረገውን አደረግህ ተብሎ በሐሰት የተከሰሰ ጥቁር ሰው ነው። አቲከስ ንጹሕነቱን በግልጽ አስረዳ፤ ዳሩ ግን ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የፍርድ ሸንጎ ጥፋተኛ ነህ ብሎ ፈረደበት። ቶም በኋላ ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲሞክር በጥይት ተገደለ። ጄም ከፍርዱ በኋላ ሰዎች ለምን እንዲህ እርስ በርሳቸው ይናናቃሉ ብሎ ሲያስብ ቆይቶ፣ ቡ ራድሊ በቤቱ የሚቀመጠው መቀመጥ ስለሚፈልግ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ።

በልጅነቴ ይህ መልስ ከሁሉ የሚያኰራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ሰው በነጻነት መረጠ የምንለው ሁለት መንገድ ሲኖረው ነው። አንዱ መንገድ በአባት ተዘግቶ፣ በወንድም ተደፍኖ፣ በወሬ ታጥሮ ሳለ ሌላውን ስለ ያዘ ብቻ «ወዶ ነው» ብንል፣ በሩን የዘጉትን ሁሉ ነጻ እናወጣቸዋለን።

ይህን ለማስረዳት ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን ማሳየት ነበረበት፤ ያልቀረበ ሰው ገንዘቡ ይቆምበታል። አንድ አረጋዊ ግን ሁልጊዜ የወንድማቸውን ልጅ ይልኩ ነበር። ስለዚህ በቢሮው ውስጥ ወሬ ተነሣ። አንዱ «ሞተዋል፤ ገንዘቡን የሚበላው ልጁ ነው» አለ። ሌላው «አእምሯቸው ተነክቷል» አለ። ሦስተኛው «ከሰፈሩ ሰው ጋር ተጣልተው ነው» አለ። የተወሰነው ጊዜ ሊያልፍ ዐሥር ቀን ሲቀረው መዝገቡን ይዤ ወደ ቤታቸው እንድሄድ አለቃዬን ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ፈቀዱልኝ።

አረጋዊው ነጭ ጋቢ ለብሰው በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከቤት የማይወጡት ስለ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። ቡና ከጠጣን በኋላ ግን በፈቃዳቸው ነገሩኝ። «ልጄ ሆይ፣ አንድ ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ ከበሬ ብወጣ የሚያገኘኝ ሁሉ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ገበያ ብሄድ ከንፈር መምጠጥ፤ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ከንፈር መምጠጥ። እኔ መንገድ ልሄድ እወጣለሁ እንጂ በየቀኑ ለቅሶ ልቀመጥ አልወጣም» አሉኝ። ቀጥለውም በመስኮቱ እያመለከቱ የባለ ሱቁ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ቤት መግባቷን፣ የማዶው ጐረቤት ጣራ ማፍሰሱን፣ እኔም ራሴ ቤቱ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ በበራቸው ማለፌን ነገሩኝ። በመዝገቡ ላይ ፈረሙ፤ እኔም በዳሩ «በቤታቸው ተገኝተው ታይተዋል» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ጽሑፌን ተቀበሉት፤ ጡረታቸውም አልተቋረጠም። ከሦስቱ ወሬዎች አንዱም እውነት አልነበረም። እኒያ ሰው የሸሹት ክፋትን አይደለም፤ ልክ ያለፈ ቸርነትን ነው።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፉን መጨረሻ ሳነብ፣ አስቀድሞ ትንሽ መስሎኝ ያለፍሁት ስፍራ ትልቅ ሆኖ ታየኝ። በኦክቶበር ወር መጨረሻ ሌሊት ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ትርኢት ሲመለሱ፣ አቲከስን የሚጠላው ቦብ ዩዌል ቢላዋ ይዞ በጨለማ ተነሣባቸው። ያን ጊዜ አርተር ራድሊ ከቤቱ ወጣ። ክንዱ የተሰበረውን ጄምን ተሸክሞ ወደ አባቱ ቤት አመጣው፤ ዩዌልም በዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያን ሁሉ ዓመት የተባለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደቀ፤ ጭራቅ የተባለው ሰው ገርጥቶና ዐይኑ ብርሃን ፈርቶ ከበር ኋላ ቆሞ ነበር።

አቲከስ ሟቹን የገደለው ልጁ ጄም መስሎት፣ ነገሩ ሳይሸፈን በሕግ ፊት እንዲታይ ፈለገ። የአገሩ የፖሊስ ሹም ሄክ ቴት ግን ሰውየው በራሱ ቢላዋ ላይ ወድቆ ሞተ ብሎ ወሰነ። ሹሙ የሚያስበው ስለ ጄም አልነበረም። አርተር በአደባባይ ቢቀርብ ማንም አይቀጣውም፤ እንዲያውም የከተማው ወይዛዝርት ኬክ ተሸክመው በሩን ያንኳኩ ነበር። ለዚህ ዓይን አፋር ሰው ግን ያ ምስጋና ራሱ ቅጣት ይሆንበታል፤ ሹሙም ይህን ማድረግ ኀጢአት ነው ብሎ አመነ። ይህ ውሳኔ ሕግን የተከተለ ነው ወይስ ያልተከተለ? ሹም እውነትን በወረቀት ላይ እንዲለውጥ ከተፈቀደለት፣ ነገ ሌላው ሹም ለክፋት ይለውጠዋልና፣ እኔ እንደ መንግሥት ሠራተኛ በቀላሉ ልደግፈው አልችልም። የሜይኮም ፍርድ ቤት በቶም ሮቢንሰን ላይ ያደረገውን ያየ ሰው ግን፣ ሹሙ በዚያ ሸንጎ ያልታመነበትን ምክንያት ይረዳዋል። የሹሙ አሳብ ጥሩነት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሰውን ለማክበር ሲባል ሰውን ማዋረድ እንዳለ ዐወቀ።

ከዚህም በኋላ አርተር ስካውትን ወደ ቤቱ እንድታደርሰው በሹክሹክታ ለመናት። በመጽሐፉ ሁሉ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ልጅቱ ክንዱን ይዛ፣ እርሱ እርሷን እንደሚሸኝ አስመስላ፣ እስከ በሩ አደረሰችው፤ ከዚያ በኋላም አላየችውም። ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት በራድሊ በረንዳ ላይ ቆማ መንገዱን ብታይ፣ ያደገችበት ሰፈር ሁሉ ከዚያ ይታያል። ልጆቹ ያን ሁሉ ጊዜ እርሱን ለማየት ሲሞክሩ፣ እርሱ እነርሱን ሲያይ ኖሯል። ስጦታ ተቀብለው ምንም እንዳልመለሱለትም አስባ አዘነች።

ደራሲዋ ራሳቸው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ መስጠትን ተዉ። ሁለተኛው መጽሐፋቸው «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» የታተመው በ2015 ነው፤ በ2016 በ89 ዓመታቸው በትውልድ ከተማቸው በሞንሮቪል ዐረፉ። ጋዜጦች ብዙ ጊዜ ከሰው የራቁ ሴት ያደርጓቸው ነበር። እርሳቸው ግን በኒው ዮርክና በሞንሮቪል በወዳጆቻቸው መካከል ይኖሩ ነበር፤ በ2007ም የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የነጻነት ሜዳልያ ለመቀበል ዋይት ሃውስ ድረስ ሄደዋል። ከአደባባይ መራቅና ከሰው መራቅ አንድ አለመሆናቸውን ኑሯቸው ያሳያል።

እንግዲህ ለመምህራችን ጥያቄ ዛሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አርተር ራድሊ በመጀመሪያ ከቤቱ ያልወጣው አባቱ ስለ ዘጋበት ነው፤ ቀጥሎም ወሬና ልማድ በሩን ስለ ያዙበት ነው። ፈቃዱ የታወቀው በዚያች በመጨረሻዪቱ ሌሊት ብቻ ነው። በሩን ሲከፍት ማንም አልጠራውም፤ ሁለት ልጆች በአደጋ ላይ ስለ ነበሩ ራሱ ከፈተው። መውጣት የሚችል መሆኑን ካሳየ በኋላ ተመልሶ ሲገባ ግን፣ ያን መግባት እስራት ልንለው አንችልም።

በእኛም ሥራ የማይመጣ ባለ ጉዳይ፣ የማይታይ ጐረቤት፣ ከማኅበር የቀረ ሰው ያጋጥመናል። «ለምን አይወጣም?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ በሩን መጀመሪያ የዘጋው ማን እንደ ሆነ፣ ቁልፉም ዛሬ በማን እጅ እንዳለ እንመርምር። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ማስከፈል ተገቢ ነው። በራሱ እጅ ከሆነ ግን፣ መዝገባችንን ይዘን እኛ ወደ እርሱ እንሂድ፤ ጉዳዩንም ፈጽመን ስንወጣ በሩን ቀስ አድርገን እንመልስለት።